ሴባስቶፖልን ማን ጎተተው? (ከ12 ደቂቃ ፊልም የተረፈ ወግ)

መቼም ሴባስቶፖልን የማያውቅ የለም፡፡ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን አምሳያውን ለዓመታት በታክሲ መስኮት ስናየው ኖረናል፡፡ ሹሩባ የተሠራውን ንጉሥ ቲሸርት ላይ አትመን ለብሰናል፡፡ ትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩ በአንድ አንቀጽ አልቆልናል፡- ዐፄ ቴዎድሮስ ፈረንጆችን ጋፋት ላይ ሰብስበው ትልቅ መድፍ አሠሩ፣ መቅደላ ወሰዱት፣ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ፡፡ አራት ነጥብ፡፡

እስቲ «ወሰዱት» የምትለዋን ቃል ቆም ብላችሁ እዩዋት፡፡ ሰባ ኩንታል ግድም የሚመዝን መድፍ ነው፡፡ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ የጋይንትን ብርድ አልፎ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ መቅደላ አፋፍ ላይ የደረሰ፡፡ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መግቢያ ግድም ተነሡ፤ መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሊያልቅ ነበር፡፡ ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም! መንገድ አልነበረምና መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት፡፡ ይህን ሁሉ በአንዲት ቃል «ወሰዱት» ብሎ ማለፍ፣ ሞንታዥ የሚባለውን ነገር እኛ ሳንፈልስፈው በፊት የታሪክ መጽሐፍ ጸሐፊዎች ያውቁት እንደነበር ያሳያል፡፡

ሦስት ሆነን የተማሪ ዶክመንተሪ ልንሠራ ወደ ደብረ ታቦር የሄድነው ይህችን ቃል ይዘን ነው፡፡ ጥያቄያችን አንድ ነበር፤ ማን ጎተተው?

ከተማዋን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል፡፡ ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ግድም ላይ፣ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ በሚረዝመው በጉና ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት፡፡ የየጁው ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት፣ በዘመነ መሳፍንት እውነተኛው ሥልጣን የነበረባት፡፡ ጎንደር ዙፋን ነበራት፤ ደብረ ታቦር ጦር፡፡ በ1834 ዓ.ም. ደጃች ውቤ እዚህች ከተማ አጠገብ ራስ አሊን በጦርነት አሸንፈው፣ ድሉን ሲያከብሩ ተማርከዋል፡፡ (እንዲህ ያለ ነገር በፊልም ቢሠራ «የማይመስል» ተብሎ ይተቻል፡፡) ከዚያ የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ሆነች፡፡ ቀጥሎም ዐፄ ዮሐንስ ተቀምጠውባታል፤ እንግሊዛዊው ጎርደን በ1872 ዓ.ም. ለድርድር መጥቶ ያገኛቸው እዚያው ነው፡፡ ዛሬ የምናውቃት ግን በቡሄ ሰሞን ስሟ ሲጠራ ነው፡፡

ጋፋት ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው፡፡ ከስዊዘርላንዱ የክሪስኮና ሚሲዮን የመጡት ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፣ በተጨማሪም ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሐልና ፈረንሳዊው ቡርጎ የሠሩበት ቦታ፡፡ ብዙዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ ነው የመጡት፤ የእጅ ሙያም ነበራቸው፡፡ ንጉሡ ስብከቱን ትተው ሙያውን ወደዱት፡፡ መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም፡፡ ሞክረው፣ ከሽፎ፣ ደግሞ ሞክረው በመጨረሻ ተሳካላቸው፡፡

የእነዚህ ሰዎች ኋላ ታሪክ ራሱን የቻለ ሌላ ፊልም ይወጣዋል፡፡ ዋልድማየር ከመቅደላ በኋላ ሊባኖስ ገብቶ በ1896 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አስፉሪየ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሥርቷል፡፡ ሞሪትስ ሐል ደግሞ ያገባው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዛንደር ከኢትዮጵያዊት የወለዳትን ልጅ ነበር፤ የእነርሱ ልጅ ማግዳሌና መቅደላ ላይ በጦርነቱ ሰሞን ተወለደች፡፡ የማግዳሌና የልጅ ልጅ ማን መሰላችሁ? ሁለት ኦስካር የወሰደው ተዋናይ ፒተር ዩስቲኖቭ! «ስፓርታከስ» ላይ የባሪያ ነጋዴውን ሆኖ የሠራው ሰውዬ፡፡ የሴባስቶፖል ዘመን ቅርንጫፍ ሆሊውድ ደርሷል ማለት ነው፡፡

ግን አያችሁ፣ ስም እየጠራሁ ስዘረዝር ስሞቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፡፡ ከሰል ያከሰለው፣ ወናፍ የነፋው፣ ጭቃ ያቦካው፣ ገመድ የገመደው ያገር ሰው ስሙ የለም፡፡ እኛም ካሜራ ይዘን ስንወጣ ስም እናገኛለን ብለን አይደለም፤ ቢያንስ አንድ ሰው «የኔ ሰዎች ነበሩበት» ሲል ለመስማት ነው፡፡

አገኘን፡፡ ዕድሜያቸው ሰማንያውን ያለፈ አባት፣ ገበሬ፣ ደብረ ታቦር አቅራቢያ፡፡ ስማቸውን አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፡፡ አያታቸው ያን ጊዜ የስምንት ዓመት እረኛ ነበሩ፡፡ በመካከላችን ሁለት አፍ ብቻ ነው ያለው ማለት ነው፤ የአያት አፍና የልጅ ልጅ አፍ፡፡ መቶ ሃምሳ ምናምን ዓመት በሁለት አፍ ሲሻገር ማየት የሚያስደነግጥ ነገር አለው፡፡

ስለ ቀረጻው ብዙ አላወራም፡፡ ያን አገር ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፡፡ ደረታቸው ላይ የሰካነው ማይክ ጋቢያቸው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፡፡ ከደጅ ወደ ቤት ገባን፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ብርሃኑ ከበሩ ብቻ ስለሚመጣ ግማሽ ፊታቸው ጨለማ ሆነ፡፡ ካሜራ የያዘው ጓደኛችን ይሄን ወደደው፡፡ እኔም ወደድኩት፡፡

ጠየቅናቸው፤ «አባባ፣ ሴባስቶፖልን ማን ጎተተው?»

«ማን ጎተተው? ሰው ነዋ! በሬውማ ቀድሞ አለቀ፡፡ ግማሹን ወታደር በላው፤ ግማሹን እኛ ጉና ወስደን ደበቅነው፡፡»

«እኛ» አሉ፡፡ ከመወለዳቸው በፊት ብዙ አሥርት ዓመታት ያለፈውን ነገር «ደበቅነው» አሉ፡፡ ድምፅ የያዘችው ጓደኛችን በጆሮ ማዳመጫዋ ውስጥ ሆና ቀና ብላ አየችኝ፡፡

ከዚያ ቀጠሉ፤ «ንጉሡ ጀግና ነው፡፡ ጀግና አይደለም ያለ ሰው የለም፡፡ ጀግናም ግን እህል ይበላል፡፡ የሚበላውም የኛን ነው፡፡»

እዚህ ላይ ነበር ከጓዳ በኩል የሴት ድምፅ የመጣው፡፡ ባለቤታቸው ናቸው፤ ቡና ሊያፈሉ እየተዘጋጁ፡፡ «ስንቁንስ ማን ፈጨው? እሱን አትነግራቸውም?»

ካሜራው ወደ እሳቸው አልዞረም፤ ቢዞርም ጓዳው ጨለማ ነው፡፡ እሳቸው ግን ቀጠሉ፡፡ እናታቸው የሚሉት ነገር ነበር፤ የአያታቸው እኅት ስንቅ አዝለው ከጦሩ ጋር ሄደው በዚያው ቀርተዋል፡፡ መድፉ የት እንደደረሰ ሁሉም ያወራል፤ እኚያ ሴት የት እንደደረሱ ግን ማንም አልጠየቀም፡፡ ይህን ሁሉ የቀዳነው ለሌላ ሰው በተሰካ ማይክ ነው፤ ሩቅ ነው፣ ቀጭን ነው፣ መሐሉ ላይ ስኒ ይንቃጨላል፡፡

ወደ መጽሐፉ እንመለስ፤ ሽማግሌው ያሉትን መጽሐፍም ይመሰክርላቸዋል፡፡ ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ካሰቧቸው ትልልቅ ነገሮች አንዱ ወታደር ባላገሩ ላይ ተመርቶ መብላቱን ማስቀረት ነበር፤ ወታደር ደመወዝ ይብላ፣ ገበሬም ይረስ አሉ፡፡ ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነው፡፡ ደመወዝ ግን ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘብ ደግሞ የሚገብር አገር ይፈልጋል፡፡ ሸዋ ሄደ፣ ትግራይ ሄደ፣ ወሎና ጎጃም አመፀ፡፡ ወደ መጨረሻው በእጃቸው የቀረው በጌምድርና መቅደላ ብቻ ሆነ፡፡ እናም የቀረውን ጦር የሚቀልበው ያው የቀረው አገር ነው፡፡ በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ተዘረፉ፡፡ የበጌምድር ገበሬ ሲዘረፍ ይሸፍታል፣ ሲሸፍት ይቀጣል፣ ሲቀጣ ወታደሩ ራሱ እየከዳ ይሄዳል፡፡ በአሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው ጦር ወደ ጥቂት ሺዎች ወረደ፡፡ ንጉሡ ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን ራሷን አቃጥለው ነው የሄዱት፡፡ ያቃጠሏት የገዛ መናገሻቸውን ነው!

በዚያው ሰሞን ናፒየር ከቀይ ባሕር ዳር፣ ከዙላ፣ ከሕንድ ያመጣውን ጦር ይዞ እየመጣ ነበር፡፡ ከባድ መሣሪያውን የሚሸከሙለት 44 ዝሆኖች ነበሩት፡፡ እንግሊዝ በዝሆን፣ ቴዎድሮስ በሰው፡፡ የእንግሊዝ ጦር ሌላም ነገር ይዞ ነበር፤ ፎቶግራፍ ማንሻ፡፡ የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶ አንሺዎች ነበሩት፡፡ አስቡት፤ ለዚያ ደጋ ካሜራ የደረሰው ከወራሪ ጋር ነው፡፡ ልዑል ዓለማየሁን ፎቶ አነሡት፣ ምሽጉን አነሡት፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ግን በሕይወት ሳሉ የተነሡት የታወቀ ፎቶግራፍ የለም፡፡ ቲሸርታችን ላይ ያለው መልክ ሁሉ የሠዓሊ ግምት ነው፡፡

የንጉሡን ዜና መዋዕል ከጻፉት አማርኛ ጸሐፊዎች ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ስለ ኤዲቲንግ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም፡፡ ደብተራ ዘነብ ንጉሡን እየወደደ ይጽፋል፤ መጽሐፉም ክፉዎቹ ዓመታት ሳይደርሱ ያቆማል፡፡ አለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ እስከ ሞታቸው ይሄዳል፤ የተቃጠለውንም የተገደለውንም ይቆጥራል፡፡ ንጉሡ አንድ ናቸው፤ ፊልሙ ሁለት ነው፡፡ የሁለቱ ልዩነት ከፊሉ የአስተያየት ነው፤ ትልቁ ግን የት ላይ እንደቆረጡት ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛና ጸጋዬ ገብረ መድኅን መጡና የዛሬውን ቴዎድሮስ ሰጡን፡፡ እኔ በግሌ ይህን ቴዎድሮስ እወደዋለሁ፡፡ ብወደውም የተሠራው በመቁረጥ እንደሆነ አይጠፋኝም፡፡

እንግዲህ 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ቀረጻ ይዘን ተመለስን፡፡ የተፈቀደልን 12 ደቂቃ ነው፡፡

የመጀመሪያውን ቅጂ ካሜራ የያዘው ጓደኛችን ለብቻው ሠራው፡፡ ቆንጆ ነበር፡፡ ጉና በጉም፣ ዋሽንት፣ ከዚያ የሽማግሌው ፊት፤ «ንጉሡ ጀግና ነው፡፡ ጀግና አይደለም ያለ ሰው የለም፡፡» ቁረጥ፡፡ መድፉ፡፡ ሙዚቃ፡፡ ሰው ሁሉ ያጨበጭብለታል፤ እኔም ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም፡፡ ድምፅ የያዘችው ልጅ ናት «ቆይ፣ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገርስ?» ያለችው፡፡

ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ፡፡ የጓደኛችን መከራከሪያ ቀላል አልነበረም፡፡ አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ 12 ደቂቃ ውስጥ ሁሉ አይገባም፣ ደግሞስ በዚህ ዘመን አንድ የሚያስማማን ጀግና ብናቆይ ምናለ? የሚል ነው፡፡ የመጨረሻውን የማይረዳ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም፡፡ ግን ሽማግሌው ያሉት «ጀግና ነው፤ ግን…» ነው፡፡ ከ«ግን» በፊት ያለውን ወስደህ ከ«ግን» በኋላ ያለውን ስትጥል የቀረው የሳቸው ድምፅ በሳቸው አፍ የተናገረው የኛ ሐሳብ ነው፡፡ ያውም የተዘረፈ ሰው ልጅ ለዘረፋው ሲያጨበጭብ የሚያሳይ፡፡

መቀስ ምን እንደሚችል ለማወቅ እኛ አገር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ የቀረጸበት ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ታየ፡፡ ዓላማው እርዳታ ማሰባሰብ ነበር፡፡ ደርግ ያንኑ ፊልም ወስዶ በረሀብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል እየሰካ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየው፡፡ በማግሥቱ ጠዋት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ፡፡ ረሀቡ እውነት ነበር፡፡ ግብዣውም እውነት ነበር፡፡ አንድም የሐሰት ምስል አልነበረበትም፡፡ ሥራውን የሠራው መገጣጠሚያው ነው፡፡ ፊልሙ ውስጥ ያሉት የወሎ ሰዎች ፊታቸው መንግሥት መገልበጫ እንደሚሆን የነገራቸው፣ ፈቃዳቸውንም የጠየቃቸው አልነበረም፡፡

በነገራችን ላይ በዚያው በ1966 ዓ.ም. ክረምት የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ፣ ገና የሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ቀርጾ ነበር፡፡ ጥቁርና ነጭ፣ 16 ሚሊ ሜትር፣ ተዋናዮቹም በአብዛኛው ገበሬዎች፡፡ ያንን ፊልም ያየ ሰው የሚያስታውሰው ርዝመቱን ነው፤ ገበሬው ሲሄድ ካሜራው አይቸኩልም፡፡ እኛም ከክርክሩ በኋላ ደጋግመን ያየነው እሱን ነው፡፡ ያረጋጋል፡፡

አሁን ስማቸውን ለምን እንደማልጽፍ፡፡ ካሜራው ከጠፋ በኋላ፣ ሁለተኛው ቡና ላይ፣ ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ ያቺን ስለ ጎተራው የነገርኳችሁን ተዉልኝ፡፡ ጎረቤት አለብኝ» አሉ፡፡ ስለ አንድ ጎተራና ስለ አንድ ቤተሰብ የነገሩን ነገር አለ፤ በእኛ ሚዛን ከቃለ መጠይቁ ሁሉ ትልቁ የታሪክ ማስረጃ እሱ ነው፡፡ አራት ደቂቃ፣ ጥርት ያለ ድምፅ፣ ጥሩ ብርሃን፡፡ ነገሩ ከተፈጸመ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሁለቱ ቤተሰብ አጥር ግን ዛሬም አንድ ነው፡፡ እኛ ታሪክ የምንለው እዚያ ሰፈር የለቅሶና የደቦ ጉዳይ ነው፡፡

ደቡብ ጎንደር ደግሞ የተነገረ ነገር የት እንደሚደርስ በቅርቡ ያየ አገር ነው፡፡ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በገባበት ሰሞን በትግራይ ታጣቂዎች ስለተፈጸመባቸው መደፈር 16 ሴቶች ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ ሪፖርቱ በ2014 ዓ.ም. ወጣ፡፡ እንዲህ ያለ ምስክርነት የሚሰጥ ሰው ከቀረጻ በኋላ ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ገበያ ነው የሚመለሰው፡፡ ካሜራ የያዘው መኪና ይሄዳል፤ እሷ ትቀራለች፡፡ የኛ የጎተራ ታሪክ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፡፡

አራቱን ደቂቃ አወጣናት፡፡ በዚህ ላይ ክርክር አልነበረም፤ ካሜራ የያዘው ልጅ ራሱ ነው ያጠፋት፡፡ ጎተራው ውስጥ ምን እንደነበረ እዚህም አልጽፈውም፡፡ (አንድ የታሪክ መምህር «ማስረጃ ደበቃችሁ» ብሎ ወቅሶናል፡፡ ይውቀሰን፡፡ ሽማግሌው ለአደባባይ ያሉትና ለቡና ያሉት ለየብቻ ነው፡፡)

የቀረው የባለቤታቸው ድምፅ ነበር፡፡ ምስል የለውም፣ ድምፁም ደካማ ነው፡፡ ስናጎላው የንፋሱም የስኒውም ድምፅ አብሮ ይጎላል፡፡ አንድ ጊዜ «በሥዕል እንሸፍነው» ተባለ፤ የድሮ የመቅደላ ሥዕል፣ የወፍጮ ፎቶ ምናምን፡፡ መልሱ የተገኘው ቀረጻውን ለአሥረኛ ጊዜ ስናየው ነው፡፡ እሳቸው ከጓዳ ሲናገሩ ካሜራው የሽማግሌው ፊት ላይ ነው፡፡ እና ሽማግሌው ያዳምጣሉ፡፡ መጀመሪያ ፈገግ ይላሉ፤ «የአያታቸው እኅት» ሲባል ፈገግታው ይጠፋል፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሬት ይመልሳሉ፡፡ ስድሳ ዓመት አብረው ኖረው ይህን ታሪክ ያን ቀን የሰሙት ይመስላሉ፡፡ ምንም አልሸፈንንም፡፡ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሙሉ፣ ሳንቆርጥ፣ ከሥር ጽሑፍ አድርገን ተውነው፡፡ ከ12ቱ ደቂቃ አንዱ ዝም ባለ ሰው ፊት ሄደ ማለት ነው፡፡

«ጀግናም ግን እህል ይበላል» ገባ፡፡ «እኛ ደበቅነው»ም ገባ፡፡ ዋሽንቱ ወጣ፤ ለጓደኛችን ካሣ ይሆነው ዘንድ የጉና ጉም ቀረለት፡፡

ለተመልካች ያሳየነው ቀን አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ታዲያ ቴዎድሮስን እየተቃወማችሁ ነው?» አለን፡፡ ድምፅ የያዘችው ልጅ «አይ፣ መድፉን የጎተቱትን እየቆጠርን ነው» አለችው፡፡ ልጁ የረካ አልመሰለኝም፡፡

ያልተቆረጠውን ቀረጻ፣ አራቱን ደቂቃ ጨምሮ፣ ፍላሽ ላይ አድርገን ለሽማግሌው ልጅ ልከንላቸዋል፡፡ የት ላይ እንደሚያበቃ፣ ማን እንደሚያየውም እነሱ ይወስኑ ተባብለን፡፡ ደርሷል፡፡ እናትየው ስለ ስንቁ የተናገሩትን ደጋግመው አስከፍተው እንደሰሙት ልጁ ደውሎ ነገረን፤ «ድምፄ እንዲህ ቀጭን ነው እንዴ?» ብለዋል አሉ፡፡